ሰሚራ የመረቀችው ድንች

ከመምህርነት ከተሰናበትሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ለጡረታ የሚያስገድድ ዕድሜ ላይ አልደረስሁም ነበር። ነገር ግን በፒያሳ አስተምርበት የነበረው የሕዝብ ትምህርት ቤት፣ የአካባቢው ቤቶች ሲነሡና ተማሪዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ከተማው ዳር ሲዛወሩ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ተዋሐደ። ለአንድ ክፍል ሁለት መምህራን ሆንን። ሌላዋ ገና ልጆቿን የምታሳድግ ወጣት ስለነበረች በፈቃዴ ቀደም ብዬ ለመውጣት አመለከትሁ። ባልደረቦቼ የተከፋሁ መስሏቸው ሲያጽናኑኝ ሰነበቱ። እኔ ግን የወደድሁትን ሥራ ሠርቼ በሰላም ነው የወጣሁት።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝም ያቺው ወጣት መምህርት ናት። በቅርቡ ስልክ ደውላ፣ "እትዬ አስቴር፣ የክብደት ትምህርት ላይ ደርሻለሁ። መጽሐፉ ላይ ሁለት ገጽ ነው፤ ልጆቹ ግን ጭራሽ አልገባቸውም። እርስዎ እንዴት ነበር የሚያደርጉት?" አለችኝ። ለመመለስ ሞከርሁ። በስልክ የሚያልቅ ነገር አልሆነም።

ፊዚክስ ያጠናሁት አራት ኪሎ ነው። እንደተመረቅሁ የተመደብሁት ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ አንዲት ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቼ ትጉሃን ነበሩ፤ ቀመሩን በቃላቸው ይወጡታል፤ ቁጥር ተክተው መልስ ያወጣሉ። አንድ ቀን ከሁሉም ይሻላል የምለውን ልጅ ከግቢው ያነሣሁትን ድንጋይ አስይዤ፣ "ይህ ስንት ኪሎ ይሆናል?" ብዬ ጠየቅሁት። ድንጋዩን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ ምንም ሳያቅማማ "መቶ ኪሎ" አለኝ። ክፍሉ አልሳቀም። ከመልሱ ይልቅ ያስደነገጠኝ አለመሳቃቸው ነበር። ኪሎ የሚባለው ነገር ለእነዚያ ልጆች ከቁጥር ጎን የሚጻፍ ፊደል ነበር እንጂ በክንዳቸው የሚያውቁት ሸክም አልነበረም።

እናቴ በታመመች ጊዜ ዝውውር ጠይቄ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ። የፊዚክስ ክፍት ቦታ አልተገኘም። የተገኘው የአንደኛ ክፍል ነበር። አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ ስትሰማ፣ "ኧረ አስቱ! ያ ሁሉ ላቦራቶሪ፣ ያ ሁሉ ጥናት፣ ሀ ሁ ልታስቆጥሪ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። "ለአንድ ዓመት ብቻ ነው" አልኋት። እንደዚያ ያልሁት ከልቤ ነበር። ሆኖም የሥራ ዘመኔን በሙሉ እዚያው ቀረሁ፤ አንድም ቀን አልተጸጸትሁም። ስለ ደመወዙ የምለው ብዙ የለኝም፤ ከወር ወር አድርሶኛል። ዕቅድና ሪፖርትም እንደማንኛውም መምህር ጽፌ በጊዜው አስረክቤአለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ የሺ ናቸው። ከእኔ ክፍል ጎን ያለውን ክፍል የያዙ፣ ትውልድ ያሳለፉ አንጋፋ መምህርት ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰሌዳው ላይ ባለሁለት ሳሕን ሚዛን በጥንቃቄ ስሥል በበሩ ብቅ አሉ። ቀና ብለው አዩት።

"አስቴርዬ፣ ሥዕሉ ያምራል" አሉኝ።

"አመሰግናለሁ እትዬ።"

"የትኛው ወገን ይከብዳል?"

"ይኸኛው፤ ዝቅ ያለው።"

"ልጆቹ ይህን ያውቃሉ?"

ሥዕሉን መልሼ አየሁት። ልጆቹ የሚያዩት አንዱ ክብ ከሌላው ዝቅ ብሎ መሣሉን ብቻ ነው። "ነገ በዕረፍትሽ እኔ ክፍል ነይና ቁጭ በይ" ብለውኝ ሄዱ።

በማግሥቱ ያየሁት ትምህርት ሚዛን የሚባል ነገር አልነበረበትም። እትዬ የሺ አንድ የለስላሳ ሣጥን ነበራቸው። ውስጡ ዕቃዎች ሞልተውበታል፤ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆነው የተመረጡ ናቸው። ላባ የተሞላ ትራስ የሚያህል ከረጢትና አንድ ከባድ ጓጉንቸር፤ ትልቅ ስፖንጅና ትንሽ የወንዝ ድንጋይ፤ በመልክም በመጠንም አንድ ዓይነት የሆኑ፣ አንዱ ባዶ አንዱ አሸዋ የተሞላ ሁለት ቆርቆሮዎች። ልጅ ትልቅ ነገር ሲያይ ገና ሳይነካው ከባድ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ዓይኑ እጁን ይቀድመዋል። ስለዚህ እርሳቸው በመጀመሪያው ቀን ትልቁ የሚከብድበትን ጥንድ ፈጽሞ አያቀርቡም ነበር። ዓይንና እጅ የሚጣሉበትን ብቻ ያቀርባሉ።

አንዱን ልጅ ጠርተው ከረጢቱንና ጓጉንቸሩን በሁለት እጁ አስያዙት።

"የትኛው ይከብዳል?"

"ከረጢቱ!"

"በምን አወቅህ?"

"ትልቅ ነዋ።"

"እጅህስ ምን አለ?"

ልጁ ጥቂት አሰበና በኀዘን፣ "እጄ ተሳስቷል" አላቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ የሺ አልሳቁም፤ አላረሙትምም። "ዓይንህን ጨፍንና እጆችህን አቀያይር" አሉት። ማቀያየሩ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚሠራበት እጅ ስለሚበረታ ሸክሙን አቅልሎ ይናገራልና፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተያዘ ነገር አይታመንም። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠርዝ ቀስ ብለው መጥረግ ጀመሩ። መነጽሩ ንጹሕ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ልጅ የሚያስብበትን ጊዜ የሚሰጡት በዚህ መንገድ ነው። ቀና ብለው ካዩት ይጨነቃል፤ ሌላ ጥያቄ ከጨመሩበት የመጀመሪያው ይጠፋበታል። መነጽር ሲጠረግ ግን ማንም አይቸኩልም።

"ቁልፉ ነው" አለ ልጁ ዓይኑን እንደጨፈነ። "ቁልፉ ወደታች ይጎትተኛል።"

በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ የጠቀመኝ ያ ቃል ነው። ክብደት ማለት ወደታች የሚጎትት ነገር መሆኑን እኔ በዩኒቨርሲቲ በስሌት ደረስሁበት፤ ይህ ልጅ በመዳፉ ደረሰበት። ሁለቱ መገናኘት እንዳለባቸው ያን ጊዜ ገባኝ፤ የእኔም ሥራ ይኸው ሆነ።

ከእጅ በኋላ ሚዛን ይመጣል። ሚዛናችን የልብስ መስቀያ ነበር፤ በሁለቱ ጫፎቹ የእርጎ ኩባያ በሲባጎ ታስሮ በመስኮቱ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ልጆቹ ከመመዘናቸው በፊት ባዶውን ሚዛን ዝቅ ብለው ከዓይናቸው ጋር እኩል አድርገው ያዩታል፤ ካዘነበለ ቀለል ባለው ኩባያ ሥር ጥቂት ጭቃ ይለጥፋሉ። ባዶው ካልተስተካከለ የሞላው ዋሽቷል ማለት ነው። ከዚያ ቆርኪ እንጠቀማለን። "ላጲሱ የስንት ቆርኪ ያህል ይከብዳል? መቅረጫውስ?" ቆርኪዎቹ ከአንድ ዓይነት ጠርሙስ የወጡ መሆን አለባቸው፤ ውስጣቸው ያለው ላስቲክ ይለያያልና። ኪሎና ግራም የሚመጡት ልጆቹ በቆርኪ መለካት ከለመዱና፣ "የእኔ ቆርኪ ከእርሷ ቆርኪ ይለያል" ብለው በራሳቸው መጨቃጨቅ ከጀመሩ በኋላ ነው። ጭቅጭቁ ሲመጣ፣ "እንግዲያው ሁላችን የምንስማማበት አንድ ድንጋይ ያስፈልገናል" እላለሁ፤ ያን ጊዜ የግማሽ ኪሎውን ብረት ከመሳቢያዬ አወጣለሁ። ከዚያ በፊት አላወጣውም።

እትዬ የሺ ጡረታ ሲወጡ ሣጥኑን ትተውልኝ ሄዱ። ከእርሳቸው በኋላ በራሴ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ በፒያሳ ልጅ ሁሉ ወደ ክፍል የሚመጣው የቤቱን ሚዛን ይዞ መሆኑን ነው። አባቷ ወርቅ ቤት ያላቸው አንዲት ልጅ ሚዛኑን ከመንካቷ በፊት ኩባያዎቹን እፍ እፍ ብላ አቧራ ታራግፍና፣ "ቲቸር፣ መስኮቱ ይዘጋ፤ ነፋስ አለ" ትለኝ ነበር። ስትመዝን ትንፋሿን ትይዛለች። ጓደኞቿ በእርሷ እየሳቁ ቆይተው በኋላ ሁሉም ትንፋሻቸውን መያዝ ጀመሩ። የእህል ነጋዴ ልጅ ደግሞ በቆርኪ ከመቁጠር ይልቅ በእፍኝ መገመት ይቀናዋል። ይህን ሁሉ እንደ ሀብት እቆጥረው ነበር፤ ደግሞም ሀብት ነው። አንድ ጊዜ ግን አስቸገረኝ።

በመጨረሻ አብሬአቸው የሠራሁት ርእሰ መምህር አቶ ግርማ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ጫጫታ ብቻ አይወዱም። በክብደት ሳምንት በመስኮቴ በኩል ሲያልፉ ቆም ይሉና፣ "ቲቸር አስቴር፣ ልግባ ወይስ ዘንቢል ይዤ ልምጣ?" ይላሉ። "ይግቡ፣ ዛሬ ዋጋ ቀንሰናል" እላቸዋለሁ። ቁጥብ ሰው ስለሆንሁ የእኔ ቀልድ ያስደንቃቸው ነበር መሰለኝ፣ እየሳቁ ይሄዳሉ። ታዲያ አንድ ዓመት ደንብ አወጡ፤ መምህሩ የተጠራጠረበት የአንደኛ ክፍል ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ በሱፐርቫይዘሩ ፊት በንባብ፣ በመደመርና በመመዘን ይፈተን፤ በአንዱ እንኳ ከወደቀ ይድገም የሚል።

በዚያ ዓመት የተጠራጠርሁባት ልጅ ሰሚራ ነበረች። ከኮምቦልቻ፣ ከአያቷ ቤት መጥታ ክፍሌ የገባችው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ ከራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ድንችና ሽንኩርት ይሸጣሉ፤ ሰሚራም ከትምህርት በኋላ ከጎናቸው ትውላለች። በክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም። ስትጠየቅ ጣቶቿን አጥፋ ትዘረጋለች እንጂ አትናገርም። ይሁን እንጂ በመስቀያው ሚዛን ፊት ሲደርሳት ሌላ ልጅ ትሆናለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ የጎደለውን አንድ ቆርኪ ሳትሞክር ታውቀዋለች። ንባቡና መደመሩ ያሰጋኝ ነበር። መመዘኑ ግን አላሰጋኝም።

የፈተናው ቀን ሲቃረብ ልጅቱ እንዳትደነግጥ ብዬ ሱፐርቫይዘሩን አቶ ደረጀን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ወጣት፣ ጠንቃቃ፣ የሚያዩትን ብቻ የሚጽፉ ሰው ናቸው። "በቆርኪ ፈንታ የምታውቀው ነገር ቢሆንስ? ድንች ቢሆን?" አልኋቸው። "ችግር የለውም" አሉኝ። ድንቹን የገዛሁት እኔ ነኝ። ትንንሽ፣ ለመመዘን የሚመቹትን መርጬ ነበር።

ሰሚራ ንባቡን አለፈች። መደመሩን ለጥቂት አለፈች። ከዚያ አቶ ደረጀ የትምህርት ቤቱን ባለሁለት ሳሕን ሚዛን አቀረቡላትና በአንዱ ሳሕን ላይ የግማሽ ኪሎውን ብረት አስቀመጡ።

"ድንቹን ከዚህ ጋር እኩል አድርጊልኝ" አሏት።

ድንቹን አንድ በአንድ ጨመረች። ሁለቱ ሳሕኖች ተስተካከሉ። እፎይ አልሁ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ትንሽ ድንች አነሣችና በላዩ ጨመረች፤ የድንቹ ሳሕን ዝቅ አለ። ሰሚራም ሚዛኑን ወደ አቶ ደረጀ ገፋ አድርጋ፣ "ይኸው" አለች።

"ጨረስሽ?"

"አዎ።"

"እኩል ነው?"

ሳሕኑን አየችና እርሳቸውን አየች። ጥያቄው ግራ ገባት። "ጨርሻለሁ" አለች በለሆሳስ።

መናገር አልተፈቀደልኝም፤ ደንቡ መምህሩ ዝም ይበል ይላል። ሰሚራ ከወጣች በኋላ ግን ምን እንዳየሁ አስረዳኋቸው። ድንችና የብረት ድንጋይ ሲገናኙ ለእርሷ ፈተና መሆኑ ቀርቶ ገበያ ሆኗል። ገዢ ፊቷ ቆሟል። በእናቷ ዘንድ ሚዛኑ ሲስተካከል ሽያጭ አላለቀም፤ አንዲት ጨምረው ሲመርቁ ነው የሚያልቀው። በቆርኪ ስትመዝን ግን አንድም ጊዜ እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ ቆርኪ የሚገዛ የለምና።

አቶ ደረጀ እስክጨርስ አዳመጡኝ። "ገብቶኛል፣ ቲቸር" አሉ። "እኔም ስገዛ ካልመረቁልኝ አልሄድም። ነገር ግን የጠየቅኋት እኩል እንድታደርግ ነው። ሚዛኑ ደግሞ እኩል አይደለም።"

ልክ ነበሩ። ሰሚራ እንድትደግም ተወሰነ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ትምህርት ከሽፎብኛል፤ እንደዚህ የከበደኝ ግን የለም። ልጅቱ የምታውቀውን አንድ ነገር እንድታሳይበት የመረጥሁላት ድንች፣ እርሱን ሸፈነባት።

በማግሥቱ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድሁ። ወይዘሮ ዘይነባ በጃንጥላቸው ሥር፣ ድንቹን እንደ ጉልላት ደርድረው ተቀምጠዋል። ሰሚራ ከጎናቸው ሽንኩርት ትልጣለች። ነገሩን ሳብራራ ወይዘሮ ዘይነባ ድንቹን ማስተካከል አላቋረጡም።

"ታዲያ ጥፋቷ ምንድን ነው?" አሉኝ። "አንዲት ድንች መመረቋ?"

"ጥፋት አይደለም፤ የተጠየቀችው…"

"ኧረ በአላህ! አንቱ ራስዎ ስንት ጊዜ 'መርቂልኝ' ብለውኛል!"

ከአጠገባቸው ቲማቲም የሚሸጡት ሴት ጣልቃ ገቡ። "ዘይኑ፣ ሳትመርቅ ብትመጣልሽ ኖሮ በጥፊ ነበር የምትያት!"

"እሱስ ወላሂ!" አሉ ወይዘሮ ዘይነባ፤ ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ ከፊታቸው ጠፋ። "ይስሙኝ ቲቸር። ሁለተኛ ክፍል ትግባ ከተባለ፣ ልብሷንም ደብተሯንም ገዝቼ እልካታለሁ። አንደኛን እንደገና ትቀመጥ ከተባለ ግን እዚሁ ከእኔ ጋር ትዋል። ልጄ ደደብ ናት ብዬ ሰፈር ላስወራ?"

"ደደብ አይደለችም።"

"እኔማ አውቃለሁ። እነዚያን አሳምኗቸው።"

ሰሚራ ሽንኩርቱን መላጥ አቁማ ታየኝ ነበር። ስለ እርሷ እንደምንነጋገር ታውቃለች።

አቶ ግርማን በሁለተኛ ፈተና ለማሳመን ብዙ መመላለስ ነበረብኝ። "ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ የማፈርሰውም እኔ?" አሉኝ። በመጨረሻ፣ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት፣ በመመዘኑ ብቻ፣ በዚያው ሱፐርቫይዘር ፊት እንድትፈተን ፈቀዱ። "ከወደቀች ግን ደግመሽ እንዳትመጪብኝ" ብለው አስጠነቀቁኝ።

ያን ክረምት ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን ሚዛን ይዤ ወደ ድልድዩ እየወረድሁ ከጃንጥላው ሥር እቀመጥ ነበር። ዝናቡ በላስቲኩ ላይ ይደበድባል፤ ታክሲዎቹ ውኃ እየረጩ ያልፋሉ። የመጀመሪያ ሙከራዬ አልሠራም። "ሲስተካከል አትጨምሪ" ብዬ ከለከልኋት። ታዘዘችኝ። ነገር ግን እጇ ከድንቹ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሚዛኑ ሳይስተካከል፣ ገና ጎዶሎ ሳለ አቆመች። መመረቅ ክልክል ከሆነ መቼ ማቆም እንዳለባት ጠፋት። ከእናቷ የተማረችውን ደግነት የእኔ ትምህርት ስሕተት ብሎ ጠራው፤ እርሷም ሁለቱንም መጠርጠር ጀመረች።

ስለዚህ መከልከሉን ተውሁት። "መርቂ፤ ግን ከመመረቅሽ በፊት እጅሽን ከሚዛኑ አንሺና ንገሪኝ" አልኋት። ድንቹን ጨመረች። ተስተካከለ። እጆቿን አነሣች።

"ሚዛኑ ምን ይላል?"

መነጽር ስለሌለኝ በጃንጥላው ዘንግ የሚወርደውን ውኃ በመሐረብ መጥረግ ጀመርሁ።

"እኩል ነው" አለች።

"አሁን መርቂ።" ጨመረች። "አሁንስ?"

"አሁን ለገዢው በለጠ።"

ወይዘሮ ዘይነባ ለደንበኛ እየመዘኑ ጆሯቸው እኛ ዘንድ ነበር። "የት ተደብቆ ነበር ይህ አፍ!" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሚራ ለእናቷ ደንበኞችም ሳይቀር እጇን ከፍ አድርጋ "እኩል ነው!" ሳትል አትመርቅም ነበር። ባለቲማቲሟ፣ "ዳኛ ተሾመብን" እያሉ ይቀልዱባታል።

የሁለተኛው ፈተና ቀን አቶ ግርማም ገቡ። ቆርኪዎቹን ይዤ ነበር፤ አቶ ደረጀ ግን፣ "የለም፣ ድንች ይሁን። ያየሁት በድንች ስለሆነ" አሉ። ቆርኪዎቹን ወደ ቦርሳዬ መለስኋቸው።

ብረቱ በሳሕኑ ላይ ተቀመጠ። ሰሚራ ድንቹን አንድ በአንድ ጨመረች። አንዱን መልሳ አወጣችና በትንሽ ቀየረችው። ሳሕኖቹ ጥቂት ተወዛውዘው ቆሙ። ሁለቱንም እጆቿን ወደላይ አነሣች።

"እኩል ነው" አለች።

አቶ ደረጀ ዝቅ ብለው ሁለቱን ሳሕኖች በዓይናቸው አስተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምንኛ በወደድሁ። ሰሚራ ግን ሥራዋን አልጨረሰችም ነበርና፣ አንዲት ትንሽ ድንች አንሥታ ጨመረች።

"ይህችስ ምንድን ናት?" አሉ አቶ ደረጀ።

"ምርቃት።"

"አሁንም እኩል ነው?"

"አይ፣ አሁን አይደለም። የእርስዎ በልጧል።"

አቶ ግርማ በአፋቸው ላይ እጃቸውን ጫኑ። አቶ ደረጀ ግን ቁም ነገራቸውን አልለቀቁም። "በምን ያህል በለጠ?" ብለው ጠየቁ።

ይህን አላስተማርኋትም። በምን ያህል ይበልጣል የሚለው የሁለተኛ ክፍል ጥያቄ ነው፤ የቁጥር መልስ ቢሹ ልጅቱ የምትሰጠው ቁጥር አልነበራትም። ሰሚራ ሚዛኑን አየችው። ጣቶቿን አጠፈች፣ ዘረጋች። ወደ እኔ ትዞራለች ብዬ ስፈራ፣ እጇን ሰድዳ የመጨረሻዋን ድንች ከሳሕኑ አነሣች። ሳሕኖቹ ተመልሰው ተስተካከሉ። ከዚያ ድንቿን በአቶ ደረጀ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና፣

"በዚች" አለቻቸው።

አቶ ደረጀ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ድንቿን ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኗት፤ ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሯትና እንደገና መዘኗት። "አቶ ግርማ፣ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር የለኝም" አሉ።

ሰሚራን እጇን ይዤ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ወሰድኋት። ወይዘሮ ዘይነባ ከሩቅ አይተውን ቆሙ።

"እህ?" አሉ።

"አልፋለች።"

"ወላሂ?"

"አልፋለች፣ ወይዘሮ ዘይነባ።"

ሻሻቸውን አስተካከሉ። ቀሚሳቸውን ከአፈር አራገፉ። በመቀነታቸው ቋጠሮ ያለውን ዳበስ አደረጉና ወደ ላይ፣ ወደ ፒያሳ ዳገት አዩ።

"የልብሱ ሱቅ እስካሁን ክፍት ነው አይደል?"

"ክፍት ይመስለኛል፤ ግን ነገም…"

"ነገማ ነገ ነው! ነይ ተነሽ!" አሏት ሰሚራን፤ ሰሚራ ቆማ ነበር። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "ቲቸር፣ አንቱ እዚች ቁጭ በሉልኝ፣ መጣሁ" አሉና ልጃቸውን እየጎተቱ በታክሲዎቹ መካከል ተሻገሩ። ባለቲማቲሟ በዚያን ቀን አልመጡም ነበር። ለመከልከል ጊዜ አላገኘሁም። ከጃንጥላው ሥር፣ ከድንቹ ጉልላት ኋላ፣ በደህና ጫማዬና በእጅ ቦርሳዬ ተቀመጥሁ።

ካፊያው ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ዘንቢል ይዘው መጡ። "ድንቹ እንዴት ነው የኔ ልጅ?"

"አላወቅሁም አባባ። ባለቤቷ ለልጃቸው የትምህርት ቤት ልብስ ሊገዙ ወደ ላይ ወጥተዋል።"

"እንዲያ ነው? ስንተኛ ክፍል ናት?"

"ሁለተኛ" አልኋቸው። ጮክ ብዬ ስናገረው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሽማግሌው ዘንቢላቸውን መሬት ላይ አኖሩ። "እንግዲያው እጠብቃለሁ" አሉና ከዝናቡ ሸሽተው ከጃንጥላው ሥር ተጠጉ።